አባቴ የጸለየላት አገር

ይህን የምጽፈው በዲላ ከተማ አንዳንድ ሰዎች አባቴ የገዛ ልጁን በጸሎት ገደለው ስለሚሉ ነው። የሚሉት በክፋት አይመስለኝም። አንዳንዱ ከሐዘኔታ የተነሣ፣ አንዳንዱ ለሌላው ተግሣጽ እንዲሆን ብሎ፣ ብዙው ደግሞ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንዲህ ሆኖ ስለደረሰው ብቻ ይለዋል። ወንድሜ ይደውል የነበረው ለእኔ ነው፤ አባቴ የተናገረውንም እዚያው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ነበረ የመጻፍ ግዴታ ከሌላ ሰው ይልቅ በእኔ ላይ ይወድቃል። የሰው ስም አልጠቅስም። የሚያውቁን ያለ ስምም ያውቁናል።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወናጎ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ዲላ ከገባን ወዲህም ወናጎ ያለችውን የቡናና የእንሰት ማሳችንን አልተዋትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተሳፈረ ይሄድባታል። በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ሲጸልይ አይጮኽም። በእኛ ጉባኤ የማይጮኽ ጸሎት ብርቅ ስለሆነ እሱ ሲነሣ ሰው ሁሉ ለመስማት ጸጥ ይላል።

ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ሳምንት አባቴ አሮጌውን የትምህርት ቤት አትላስ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አትላሱ እጅግ ያረጀ በመሆኑ ሁለቱ አገሮች በእሱ ላይ ገና አንድ ቀለም ነበሩ። በሬዲዮ የሰማቸውን የከተማ ስሞች እየፈለገ ድንበሩን ራሱ በእርሳስ አሰመረው፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ራቅ ብሎ ተመለከተው።

«ትንሽ አይደለችም» አለ። «ትንሽ ያስመሰላት አጠገቧ ያለው ነው።»

እንዲህ ቢልም ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሟ «ትንሿ» ሆኖ ቀረ።

አባቴ ስለ ምን እንዲህ አጥብቆ ወገን እንደያዘ ለማስረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል። ከዞናችን ድንበር ማዶ ይኖሩ የነበሩ ጌዴኦዎች ቤታቸው ተቃጥሎባቸው በሸሹበት ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። ገደብ ከተማ ላይ ደግሞ አዳራሽ አልበቃ ብሎ ሰዉ ሜዳ ላይ አድሮአል። አባቴ ወደዚያ እየሄደ በሸራ ሥር የተሰበሰቡ ልጆችን ያለ ሰሌዳ ያስተምር ነበር። በዚያ ዓመት ማን ምን አደረገ የሚለውን እዚህ አላነሣም፤ በሁለቱም በኩል የተቀበረ ሰው አለ፣ እኔም ዳኛ አይደለሁም። አባቴ ግን ከዚያ ዓመት አንድ ሐሳብ ይዞ ወጣ። ቁጥሩ የበዛ ወገን፣ ክፉ ባይሆን እንኳ፣ የጥቂቶችን ድምፅ መስማት ይቸግረዋል የሚል ነበር። ስለ ሩቁ ጦርነት የሚያስበው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

በአጥቢያችን አንድ ልማድ አለ። አንድ ምእመን የጸሎት ርዕስ ሲያቀርብ፣ ሕመምም ይሁን የጠፋ ልጅ ወይም የዝናብ መዘግየት፣ ርዕሱ የእሱ ይሆናል። በየእሁዱ እየተነሣ ጸሎቱን የሚመራው ራሱ ነው። ርዕሱ ከጸሎት ዝርዝር የሚወጣው መልስ ሲመጣ ነው፤ ያን ቀን ባለ ርዕሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ምስክርነት ይሰጣል፣ ጉባኤውም አብሮት ያመሰግናል። መልስ ሳይመጣ መተው የሚፈልግ ሰው ደግሞ ምክንያቱን በጉባኤው ፊት መናገር አለበት። ልማዱ የተጀመረው ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ ለሌላው እንዳያሸክም ተብሎ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ። በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይቼ አላውቅም።

ጦርነቱ በጀመረ በሁለተኛው እሁድ አባቴ ተነሥቶ ርዕስ አቀረበ፤ ትንሿ አገር የመጣባትን ጎረቤት እንድትመልስ።

መጋቢው፣ ከአባቴ ብዙ የሚያንስ ወጣት፣ ፈገግ አለ። «ትንሽ አልራቀም፣ መምህር?»

«ጸሎት የትራንስፖርት ወጪ የለውም» አለ አባቴ፤ ጉባኤው ሳቀ፣ ርዕሱም ተያዘ።

በሴቶቹ በኩል ከሁሉ ቀድመው «አሜን» ያሉት ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። የጌዴኦዎቹ ቤት በተቃጠለበት ዓመት ከማዶ ከሸሹት አንዷ ናቸው፤ ሌሎቹ ሲመለሱ እሳቸው አልተመለሱም። ገበያ ላይ ቆጮ ይሸጣሉ። ያቺ አገር የት እንዳለች ጠይቀው አያውቁም። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች እንዳሉባት አባቴ ነግሯቸዋል፤ ለእሳቸው ይኸው በቂ ነበር።

ከተማው በአብዛኛው ከአባቴ ጋር አልነበረም። እኔ ታሪክ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ጦርነቱ የሻይ ሰዓት ወሬ ነበር፤ ለትልቁ የሚያደላውም ይበዛ ነበር።

«ያንተ አባት እኮ ምዕራባውያንን ዲላ አስገቧቸው» አለኝ አንድ ቀን የፊዚክስ መምህሩ።

«የሚጣሉት ትልልቆቹ ናቸው» አለ ሌላው። «ትንሿ መሀል ገብታ ነው።»

«አባቴ የሚጸልየው መሀል ለገባው ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ለደመወዛችንም ርዕስ ያስይዙልን። እሱም ትንሽ ነው፣ እሱም መሀል ገብቷል።»

ሳቅን። እኔም ብዙ መጻሕፍት ያነበብኩ ሰው እንደ መሆኔ ከሁሉም በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ትንንሽ ሕዝቦች ከትልልቅ መንግሥታት ጋር ስላደረጉት ጦርነት ያነበብኩትን ሁሉ ለአባቴ አመጣለት ነበር፤ እሱም እየመረጠ በጸሎቱ ውስጥ ያስገባው ነበር።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። መጽሐፍ አይወድም፤ ማሽን ይወዳል። ጨለለቅቱ ውስጥ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የመፈልፈያውን ማሽንና ጄኔሬተሩን የሚጠግነው እሱ ነበር። እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት እዚያው ይከርማል፤ ሰዎች ዘንቢልና ጆንያ ተሸክመው ተሰልፈው ሳለ ማሽኑ ቀጥ ሲል የሁሉም ዓይን እሱን ይፈልጋል። በእነዚያ ወራት ቤት ሲመጣ እጁ በግሪስ የጠቆረ፣ ድምፁ ከማሽን ጋር ሲጯጯኽ የሰነበተ፣ ደስተኛ ሰው ነበር። ለቀማው ሲያልቅ ማሽኑ ይቆማል፤ እሱም አብሮ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ዲላ ቤታችን ቁጭ ብሎ የሰፈሩን ባጃጅ ሁሉ በነጻ ይጠግናል።

«ግማሽ ዓመት ሰው ነኝ፣ ግማሽ ዓመት እንግዳ» ይል ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግማሽ ዓመቱ እንግዳ መሆን ከበደው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ በሩሲያ የፋብሪካ ሥራ እንዳለ፣ ማሽን ለሚያውቅ ሰው ደመወዙ ጥሩ እንደሆነ ነገረው። ወሬውን ይዞ ሲመጣ ምሳ ላይ ነበርን።

አባቴ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። «ወደ ትልቁ ነው የምትሄደው?»

«ወደ ፋብሪካ ነው የምሄደው፣ አባዬ። ፋብሪካ ጎሳ የለውም።»

«ፋብሪካው ምን እንደሚሠራ ጠይቀሃል?»

«ካርቶን። የካርቶን ሣጥን። ካርቶን ጠላት አለው?»

እናቴ ሳቀች። አባቴም ፈገግ አለ። «ርዕሴን ግን አልተውም» አለው።

«ለምን ትተዋለህ? አንተ ጸልይ፣ እኔ ማሽን ልጠግን። ሥራችን አይጋጭም።»

የሄደ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። ዝናብ ነበር። እናቴ በፌስታል የቋጠረችለትን ቆሎ ለሾፌሩ ረዳት እያሳየ «ይኼ ለሩሲያ መንግሥት የተላከ ስጦታ ነው፣ በክብር አስቀምጥልኝ» አለው። በአካል ካየሁት ቀን የቀረኝ የመጨረሻው ትዝታዬ ይኸው ነው፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ መጽሐፍ እንዳላበዛ መከረኝ።

ሁለት ወር ያህል የፋብሪካውን ፎቶግራፍ ይልክልን ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ቀን፣ በረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቆሜ ሳለ፣ በቪዲዮ ደወለ። ጸጉሩ ተላጭቷል፤ የለበሰው አረንጓዴ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ እንዴት ነህ?»

«ምንድን ነው የለበስከው?»

«የሥራ ልብስ።» ሳቀ። «ምን ዓይነት ሥራ ነው አትለኝም?»

«ፋብሪካውስ?»

«ከፋብሪካው አስወጡን። አዲስ ውል ነው፣ ደመወዝ ይጨምራል ብለው አስፈረሙን። በእነሱ ቋንቋ ነው። እኔ ደግሞ ከቋንቋቸው የማውቀው ዳቦና ብሎን የሚሉትን ብቻ ነው። ከፈረምን በኋላ መኪና ላይ ጫኑን። ስድስት ሐበሾች ነን።»

«ተመለስ።»

«በየት በኩል?» አለኝ፤ በእርግጥም መንገዱን እንድነግረው የፈለገ ይመስል ጠበቀኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀ። «አባዬ አሁንም ለእነዚያ ይጸልያል?»

«በየእሁዱ።»

«እንግዲህ እንዳይሰማለት አንተ ጸልይ» አለ። ሳቀና ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ለእማዬ እንዳትነግራት። ለእሱ እንደ መሰለህ አድርግ።»

ለአባቴ የነገርኩት በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ወናጎ ማሳ ላይ ነው። የደረቁ የእንሰት ቅጠሎችን እየቆረጠ ነበር። ሁሉንም ሳላቋርጥ ነገርኩት፤ እሱም ቅጠል መቁረጡን አላቋረጠም። ስጨርስ የቆረጠውን ሰብስቦ በቡናው ሥር አለበሰው፤ ከዚያ ያንኑ የለበሰ መሬት መልሶ ገለጠው፣ እንደገናም አለበሰው።

«እናትህ እንዳትሰማ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ነገ እሁድ ነው» አለ።

እሁድ ተነሣ። ሁልጊዜ የሚለውን አላለም። «ጌታ ሆይ፣ በዚያ ጦርነት ላይ ሰላም አውርድ» አለና ተቀመጠ። ጉባኤው አሜን አለ፤ እማማ ግን አላሉም። ከጸሎቱ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ሰው እየተሰነባበተ ሳለ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ እኛ መጡ። እኔ ከአባቴ ጎን ነበርኩ።

«መምህር፣ ምነው ዛሬ?»

«ምን ሆነ እማማ?»

«ሰላም አሉ።»

«ሰላም መጥፎ ነው እንዴ?»

«ለእኛም እኮ በሬዲዮ ሰላም ይውረድ ሲሉ ነበር» አሉ። «ሰላም ሲሉ ዝም በሉ ማለታቸው ነበር። ቤቴን ሳልይዝ ዝም እንድል። እርስዎ ያኔ እንዲህ አላሉም። ቤታቸው ይመለስ ነው ያሉት። እኔ ያንን ሰምቼ ነው እዚህ ቤት ምእመን የሆንኩት።»

እሳቸው ለመጣላት አልመጡም፤ የአባቴን እጅ ይዘው «ደክመው ይሆናል» አሉት። «ከደከሙ እኔ አግዝዎታለሁ።» በተከታዩ እሁድ አባቴ ሰላም ብሎ ሲቀመጥ ከሴቶቹ በኩል ተነሥተው በራሳቸው አማርኛ፣ ጌዴኦፋም እየቀላቀሉበት፣ እሱ ይለው የነበረውን ሁሉ አሉት። ወራሪው እንዲመለስ። የወረረው መሬት እንዳይጸናለት። ጉባኤው ከወትሮው በላይ አሜን አለ። አባቴ ራሱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ ከንፈሩን አየሁት፤ እሱም አሜን ብሏል።

ስለዚህ ጉዳይ ከእሱ ጋር በግልጽ የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት በእግር እየሄድን ነበር።

«ምክንያቱን ንገራቸውና ርዕሱን ተው» አልኩት። «ለልጅህ ሕይወት ጸልይ። ማንም አይፈርድብህም።»

«ለእሱ ሕይወት እጸልያለሁ። ቤት ውስጥ ስጸልይ ሌላ ጸሎት የለኝም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እሱ እንዲኖር ስለምን በፊቱ ስላለው ሰው ምን ልበል? ሲተኩስ እንዳይስት ልበል?»

«የሌላው ጥይት እንዲስተው በል።»

«የሁለቱም እንዲስት ብያለሁ» አለ። «ሁለቱም ሲስቱ ግን መሬቱን ይዞ የሚቀረው ሰው አገር የሄደው ነው። እኛ ነን ማለት ነው።» እኛ ያለው ወንድሜን ቆጥሮ ነው። «ልጄ ስለሆነ እውነቱ ቦታ አይለውጥም። ምነው በለወጠ።»

ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ ብያለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ለአባቴ የሚሆን አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአንዳቸውም ውስጥ አላገኘሁም። ትንንሽ ሕዝቦች እንዴት እንደ ጸኑ የሚናገሩት መጻሕፍት ከማዶው ጦር ጋር ተጭኖ ስለመጣው የሌላ ትንሽ ሕዝብ ልጅ አይናገሩም፤ በቁጥር ውስጥ ያስገቡታል፣ ያልፋሉ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ደውሏል። ማሽን እንደሚያውቅ፣ መኪና መጠገን እንደሚችል ነግሯቸው እንደነበር፣ እንዳልሰሙት ነገረኝ። «ብሎን የሚለውን ቃል እየደጋገምኩ ነገርኳቸው፤ ብሎን የጠየቅኳቸው መሰላቸው፣ አመጡልኝ» አለ። በመጨረሻው ጥሪ ግን አልቀለደም። ፊቱ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነበር።

«ሰው ቤት ውስጥ ነን» አለኝ። «ባለቤቶቹ ሸሽተዋል። ከወለሉ ሥር ጓዳ አላቸው። ድንች አስቀምጠዋል። የሚበላውን ለብቻ፣ የዘሩን ለብቻ። የዘሩ ትንንሽ ነው፣ እየተመረጠ በሣር ላይ የተደረደረ።»

«እሺ።»

«የሚበላው አለቀ። ከዚያ ዘሩን በላነው። እኔ ነኝ የቀቀልኩት። እማዬ ብታውቅ ምን ትለኛለች?»

ምንም አትልህም አልኩት። ዘር የበላ ሰው በእናቴ ዘንድ ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን። «ለአባዬ ንገረው» አለ። «በማን ቤት እንዳለሁ ይወቅ።» ነገርኩት። አባቴ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጉባኤ ላይ ሰላም ማለቱን ትቶ ወደ ቀድሞው ጸሎቱ ተመለሰ። ወራሪው እንዲመለስ። እማማ ከፊት ወንበር ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሰዎች ይህን ያስታውሳሉ፤ አባቴን የሚወቅሱትም በዚህ ነው፤ ልጁ የት እንዳለ እያወቀ ጸለየ ይላሉ። እያወቀ መጸለዩ እውነት ነው። እንዲመለስ ሲል ግን ልጁ ከዚያ ቤት እንዲወጣ መለመኑም ነበር፤ ሁለቱ ልመናዎች በአንድ ቃል የሚገጥሙበትን ብቸኛ ቦታ ፈልጎ አግኝቶ እዚያ ላይ ቆሞ ነበር።

ከወንድሜ ጋር ከነበሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ፣ የማላውቀው ሰው፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ወንድሜ፣ በርታ» ብሎ ጀመረ። እነዚያ ገፍተው መጡብን አለ፤ ሲያፈገፍጉ ቤቱ ተመታ። ወንድሜ በውስጡ ነበር። ለማውጣት የተመለሰ ሰው የለም፤ ቦታውም አሁን በሩሲያውያኑ እጅ አይደለም። ከስድስቱ ሐበሾች የቀሩት ሁለት ናቸው። «በጣም ጥሩ ሰው ነበር፣ ያስቀን ነበር» አለ መጨረሻ ላይ፤ ሌላ ሰው ሲጠራው ተሰማኝና መልእክቱ ተቋረጠ።

መልእክቱን ለአባቴ አሰማሁት። ወናጎ አልሄደም ነበር፤ ጉንፋን ይዞት ቤት ውሏል። እናቴ ገበያ ነበረች። ሁለት ጊዜ አዳመጠው። እናቴን በወጉ ልናረዳት ተስማማን፤ ሰኞ ንጋት ላይ መጋቢውና ሽማግሌዎቹ፣ ከእናቴ እኅቶችም ሁለቱ መጥተው እንዲነግሯት። እሁድን በዝምታ ማለፍ ነበረብን። ይህን ያህል ብቻ ነበር ያቀድነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መቅረት ይችል ነበር፤ ጉንፋኑ በቂ ምክንያት ነው። ግን ቀርቶ ስለማያውቅ እናቴ ትጠረጥራለች ብሎ ሄደ።

እሁድ መጋቢው ከስብከቱ በፊት መድረኩ ላይ በፈገግታ ቆመ። ትንሿ አገር በዚያ ሳምንት የተወሰደባትን መሬት በከፊል ማስመለሷን፣ መንደሮች ነጻ መውጣታቸውን በዜና እንደሰማ ተናገረ። ይህ ርዕስ በጉባኤያችን ረጅም ዕድሜ ከቆዩት አንዱ ነው አለ። ሙሉ መልስ ባይሆንም መልስ ነው አለ። «ባለ ርዕሱ መምህራችን ወጥተው ምስክርነት ይስጡን።»

እልልታው የጀመረው ከእማማ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉት። እናቴም በመካከላቸው እልል ስትል አየኋት፤ በባሏ ኮርታ።

አባቴ ተነሣ። እንደማይወጣ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ወጣ። ማይክሮፎኑን አልያዘም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «የለመንነው ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው።» ጉባኤው አሜን አለ። «ከነጻ ወጡት መንደሮች በአንዱ፣ በሰው ቤት ውስጥ፣ ልጄ ነበረ። ከትልቁ ጦር ጋር ነበረ። ወዶ አልሄደም። እዚያው ሞቷል።»

ሰው ወዲያው አልገባውም። ከኋላ በኩል አንድ ሁለት ሰው ከልማድ የተነሣ አሜን አለ። ከዚያ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። አልጮኸችም። «የትኛው ልጅህ?» አለችው፤ እኔ በፊቷ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሌላ ወንድ ልጅ እንደሌላት እያወቀች።

አባቴ ከመድረኩ አልወረደም። ለምን በዚያ ቦታ እንደተናገረ ኋላ ጠይቄው «ማመስገን ነበረብኝ፤ ግማሹን ብቻ ማመስገን አልሆነልኝም» ብሎኛል። እናቴ ይህን ምክንያት አልተቀበለችም፤ እኔም ልትቀበለው ይገባ ነበር አልልም። መርዶ በወጉ የሚነገረው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር ነው። እናቴን የያዛት አልነበረም። ወንበሩን ተደግፋ ቆማ ቀረች።

ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛው መጣ፣ ግን ምን ብሎ እንደሚያጽናናን ግራ ገብቶት ይቀመጥ ነበር። አስከሬን የለም፤ የሞተበትን ምክንያት ጮክ ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ የመምህራን ማረፊያው ጓደኞቼ መጥተው ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። እማማ በሁለተኛው ቀን መጡ። ከእናቴ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብለው ብዙ ቆዩ። ሲነሡ አባቴ ዘንድ ቀረቡ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አሉት። «ቢነግሩኝ ኖሮ ዝም እል ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት» አለ አባቴ።

እማማ ይህን ሰምተው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችን አልመጡም፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቦታቸውን ለውጠዋል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ መሄድ ትቻለሁ።

ርዕሱ በዚያ እሁድ ምስክርነት ስለተሰጠበት በልማዱ መሠረት ከጸሎት ዝርዝር ወጥቷል። ጦርነቱ አልቆመም። ሌላ ሰው መልሶ አላቀረበውም። አባቴ ሽማግሌነቱን አስረክቧል። ጉባኤ ላይ ይቀመጣል፤ ጸሎት ምራ ሲሉት ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል። ቤትም ውስጥ ማዕድ ሲቀርብ የሚጸልይ እንደሌለ ካወቅን ቆይተናል፤ ዝም ብለን እንበላለን። እናቴ ታናግረዋለች፣ ስለ ጨውና ስለ ዘይት። ወናጎ አብራው ሄዳ አታውቅም ነበር፤ አሁን እሱም አይሄድም፤ ቡናው ባለፈው ዓመት ሳይለቀም ረግፏል። ወንድሜን በጸሎት ገደለው የሚሉትን አባቴ ሰምቷል። አላስተባበለም። ስለዚህ እኔ ጻፍኩ።

የጠፋው ይህ ነው።

ወንድሜ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ። መቃብር የለውም።

መኪና ላይ ከተጫኑት ስድስት ኢትዮጵያውያን፣ እሱን ጨምሮ አራት።

በእሱ እጅ የሞተ ካለ፣ ስንት እንደሆነ አላውቅም።